የግራው መርገጫ

ከልብስ ማጠቢያ ማሽናችን በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ጫማ አለ። አንድ ጥንድ አላልኩም፤ አንድ ጫማ ነው፣ የግራ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ አፍንጫው ድፍን ያለ ነው። ሶሉ መንገድ ረግጦ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከኩፓት ሆሊም፣ ከክሊኒኩ ማለቴ ነው፣ ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ሄጄ አወረድኩትና አፍንጫዬን አስጠጋሁት። ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የቆዳው ሽታ አልለቀቀውም። ከቆዳው ሽታ ሥር ደግሞ ጉሮሮ የሚከረክር የጥጥ ብናኝ ሽታ አለ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ "እማ፣ ይኼን ነገር መቼ ነው የምንጥለው?" አለችኝ። አንጥለውም አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም እንጂ ብትጠይቀኝ ኖሮ አሁን ለእናንተ የምነግራችሁን እሷ ትሰማው ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ዕቃ የሚያዝበት ጊዜ አልነበረምና፣ ከሥራ ዕቃው ሁሉ ይዞ የመጣው ብብቱ ሥር የሸጎጣትን መወርወሪያ ብቻ ነው። እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ፣ ሽኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈር ቤት አግኝተን የገባን ዕለት፣ እኔና ወንድሞቼ ቴሌቪዥኑ የት እንደሚቀመጥ ስንከራከር እሱ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ የጓሮውን አፈር ያይ ነበር። ምድር ቤት መሆናችንን የወደደው እሱ ብቻ ነው። እናቴ ስለ እርጥበቱ ስታማርር "ፎቅ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል እንዴ?" ብሎ መለሰላት።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር መቆፈር ጀመረ። ጉልበት እስኪደርስ ከቆፈረ በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ድምፅዋ ጎዳና የሚያቋርጥ ሴትዮ፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወረደች። "ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለች በዕብራይስጥ። እኔ ተረጎምኩ። አባቴ ዶማውን ተደግፎ ቆመና "ማንም አልሞተም፣ ወንበሬ ነው በያት" አለኝ። ወንበር መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ልጆች እንዳይገቡበት ክዳን ይደረግለት ብላ ፈቀደች። አባቴም ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አሮጌ በር አግኝቶ ከነመያዣው ከደነበት።

ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ከድሩ ሥር ሁለት ገመዶች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ጫፋቸው ላይ አጭር እንጨት ታስሯል። መርገጫ የምንለው ያ ነው። እንጨቱን በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መሐል ይይዘዋል። ግራውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያልፋል፣ ይመታል። ቀኙን ሲረግጥ በሌላው በኩል ይከፈታል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ሸማኔ ባዶ እግሩን ነው የሚሠራው፤ በጫማ አይሆንም፣ በካልሲም አይሆንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ያንን ምት ስሰማ አባቴ ደህና መዋሉን አውቅ ነበር።

ከዚያ ስኳር የሚሉት በሽታ ያዘው። እናቴ አገር ቤት ያልነበረ በሽታ ነው ትል ነበር፣ ከነጩ ዳቦና ከጠርሙሱ ጭማቂ ጋር እዚሁ ያገኘነው። ጠዋት ጠዋት የከተማውን ገበያ የሚጠርግበትን ሥራ እግሩ እየከበደው ተወ። ሽመናውን ግን አልተወም። በወር በወር ክሊኒክ እወስደዋለሁ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ቁጥር ተጠብቆ፤ በሄድን ቁጥር ሐኪሙ ሌላ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መንገር አለብን። አባቴ ደግሞ ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው አልነበረም። ገና ሳይቀመጥ "እንዴት ሰነበትሽ፣ ቤተሰቡ ደህና፣ ልጆችሽ ደህና?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ያንን ሁሉ "ሰላም ይላል" ብዬ እቆርጠዋለሁ። ሐኪሟ ሰዓቷን አይታ ምን እንደሚያመው ስትጠይቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው።

"ደህና ነኝ በያት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አባባ፣ ትናንት ማታ እግሬ ደነዘዘ ስትል አልነበር?"

"ደህና ነኝ በያት። ሰው አድክሞ ምን ሊረባን።"

እላታለሁ። ትጽፋለች። ክኒን ይሰጠናል፣ እንሄዳለን።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላና ፎጣ አጥፍ ነበር። ታጭቼም ነበር። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ጋቢ ይሠራላታል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ። ሌላ እጅ አይገባበትም፤ አያቴም ለአክስቶቼ እንደዚያ ነው ያደረገው። እናቴ ጥጡን ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት እርሻዎች፣ ማሽኑ ለቅሞ ካለፈ በኋላ ከጥግ ከጥጉ የቀረውን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሰብስባ፣ ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ፈተለችው። ሠርጉ ለሚመጣው ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አባቴ ድሩን የወጠረ ዕለት ምርቃቱን ብቻውን፣ በለሆሳስ ነው የመረቀው።

በዚያው በጋ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴና እናቴ ሥራ ቦታዬን ሊያዩ መጡ። እጮኛዬም ነበረ። ከገደሉ ላይ ደረጃውን ይዘን ወደ ባሕሩ ወረድን። አሸዋው እሳት ነበር። ሰዉ ሁሉ ከጃንጥላ ወደ ውኃ እየዘለለ፣ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን እየጣለ፣ ኡ ኡ እያለ ነው የሚሄደው። አባቴ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና፣ ሌላ እጁን ከኋላው አድርጎ፣ ወንዝ ዳር እንደሚንሸራሸር ሰው ቀስ ብሎ ተራመደ። አንድ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበለት። እጮኛዬ "አባትሽ እግሩ ብረት ነው" አለኝ። እኔም ኮራሁ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ያ ኩራቴ ነው።

ማታ እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ልታጥበው ስትል ወደ መብራቱ አዞረችው። ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ ተቃጥለው ውኃ ቋጥረዋል። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው፣ ረጅም ጊዜ አያቸው።

በሳምንቱ ክሊኒክ ሄድን። ወጣት ሐኪም ነበረች፣ መልካም ሴት ናት፣ በሷ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቁስሉ እየዳነ ነው አለች። ከዚያ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው፤ የጥጥ ቁራጭና መርፌ ይዛ እግሩን እየነካች "ይሰማሃል?" እያለች ትጠይቀዋለች። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጠየቀችው ቁጥር "ኬን" ይላል። ኬን ማለት አዎ ነው፤ ከዕብራይስጥ መጀመሪያ ያወቃት ቃል ናት። ይሰማሃል? ኬን። አሁንስ? ኬን። በመሐል ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። "አሁንስ?" እያለች እጇን ከእግሩ ሳታደርስ መለሰችና ስልኩን አነሣች።

"ኬን" አለ አባቴ።

እሷ ፊቷን አዙራ ነበርና አላየችም። እኔ ግን አየሁ። ስልኩን ዘግታ ተመለሰችና ወረቀቱ ላይ ስሜቱ የተስተካከለ ነው ብላ ጻፈች። የእግር ሐኪም ዘንድ የሚያስገባው፣ ልዩ ጫማ የሚያሰጠው ወረቀት የሚጻፈው ስሜቱ ለጠፋ ሰው ነውና፣ ለእሱ አልተጻፈም። ለምን ዝም አልሽ ብትሉኝ፣ የአባቴን ቃል በሰው ፊት ውሸት ነው ማለት አላውቅበትም ነበር። አንደበቴ እንደዚያ አልተሠራም። ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ "ያች ጥጧ ግን ጥሩ ናት፣ ፍሬ የሚባል የላትም" አለኝ። አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ የጋቢው ነገር መጣ። ከሥራ ስመለስ የምሰማው ምት ተለወጠ። ይመታል፣ ይመታል፣ ይቆማል። እንደገና ይመታል፣ ይቆማል። አንድ ቀን ክኒኑን ላቀብለው ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጎንበስ ብሎ፣ ቀን የሠራውን ክር በክር እየፈታ ነው። ከጠቀለለው ላይ በጣቴ ዳሰስኩት። የአባቴ ሸማ ስትዳስሱት ምንም አይነግራችሁም ነበር፣ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። አሁን ግን በየመሐሉ ክር ድሩን ዘሎ ላዩ ላይ ተጋድሟል። አንድ ቦታ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ነው። ሁሉም ግራው በሚረገጥበት ተራ ላይ ነው።

"መርገጫው ያመልጠኛል" አለ፣ ሳልጠይቀው። "የያዝኩት ይመስለኛል፤ ስመለከት የለም።"

"ለሐኪሟ እንንገራታ።"

"ስለ ሸማ ምን ታውቃለች?"

በዚያ አካሄድ ጋቢው ወደፊት አይሄድም ነበር። አንድ ክንድ ይሠራል፣ ግማሹን ይፈታል። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ እየቆመች "ይኸ ሰውየ እኮ እግሩ ሊጠፋ ነው" ትለኛለች ቀስ ብላ፤ እሱን ግን አትናገረውም። እሱ ሁሉንም ያስፈራል ማለቴ አይደለም፣ በቁጣ አይደለም ያኖረን። ብቻ ደህና ነኝ ሲል ሁላችንም ደህና መሆን ነበረብን።

ለመስከረሙ በዓላት ጥቂት ሲቀረው ቀጠሮ ደረሰ። ከመሄዳችን በፊት፣ እግሩን ሊፈትን በትርፍ ድር ሠርቶ የጣለውን፣ ጥፋት ያለበት አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለማንም አልነገርኩም። ያን ቀን ያገኘነው ሽማግሌ ሐኪም ነበር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ የራሱም ዕብራይስጥ የስደተኛ ዕብራይስጥ። ፋይሉን ገልጦ "ስሜቱ ደህና ነው ይላል፤ ታዲያ ምን ልርዳችሁ?" አለ።

"ደህና ነኝ በያቸው" አለ አባቴ።

ቁራጩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "አባቴ ደህና አይደለም" አልኩ በዕብራይስጥ። "በሐምሌ ጊዜ ያለው ሁሉ እውነት አይደለም። ይኼ የቀኝ እግሩ ሥራ ነው፣ ይኼ የግራው። ግራው የረገጠውን አያውቅም።" አባቴ ቃሉን ባያውቅ ሸማውን አወቀው። ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጨርቁን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ በጣቱ ሄደበት፣ ተመለሰበት። ከዚያ አባቴን ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረው። "እኔ ምንም አልጠይቀውም። ሲሰማው እሱ ይንገረኝ" አለኝ። ነገርኩት። አባቴ ጨፈነ። ሐኪሙ ግራውን ከተረከዝ እስከ ጣቶቹ ጫፍ በመርፌ ሄደበት። ቀኙንም እንደዚሁ። በክፍሉ ውስጥ የግድግዳው ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚሰማው። አባቴ ጸጥ ብሎ እየጠበቀ ነው። ሐኪሙ ጨርሶ መርፌውን ጣለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አባቴ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"አልጀመሩም እንዴ?" አለኝ።

ያችን ጥያቄ መተርጎም አልቻልኩም። ሐኪሙም አልጠየቀኝም።

ወረቀቱ ያን ቀን ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን የቢሮ ነገር እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። የእግር ሐኪሙ ከበዓላት በኋላ ተባልን። ከበዓላት በኋላ ስንሄድ ቅጹ ላይ ያለው የመታወቂያ ቁጥር ተሳስቷል ተባልን። ተስተካክሎ ሲመጣ የጫማ ለኪው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ ያ ቀን ደግሞ ሞልቷል። በመጨረሻ ለኪው መጣና የአባቴን እግር በነጭ ጭቃ ቀርጾ፣ አምስቱንም ጣቶች አንድ በአንድ አይቶ፣ ጫማው ሲደርስ ስልክ ይደወልላችኋል አለ። እስከዚያ ባዶ እግሩን እንዳይሆን ታዘዘ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐኪም ጋር ሊከራከር ሞከረ፤ "ታዲያ ምን ይዤ ልርገጥ?" አለ። አስረዳሁለት፣ ለኪው ግን የጉድጓዱ ነገር ሊገባው አልቻለም።

እኔን ግን አያናግረኝም ነበር። ሰላምታ ይመልሳል፣ ክኒን ይቀበላል፣ ከዚያ በላይ የለም። "ገመናየን በሰው ፊት ዘረጋችው" ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። ዘረጋሁት፣ እውነት ነው፤ በጠረጴዛ ላይ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንኑ አስብ ነበር፤ ደግሞም ባልናገር ኖሮ ብዬ አስብ ነበር። ጋቢውንም መሥራቱን አልተወም። ክዳኑን ሲያነሣ የበሩ መያዣ ሲንኳኳ እሰማለሁ።

ኅዳር ላይ ዝናብ ሲጀምር እናቴ ካልሲውን ስታጥብ ሸተታት። በግራ እግሩ አውራ ጣትና በሁለተኛው መሐል፣ ልክ መርገጫው በሚገባበት ቦታ፣ እንጨቱ ሳያውቀው ፈግፍጎ አቁስሎት ኖሯል። ሆስፒታል ገባ። ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች መቆረጥ አለባቸው፣ አለዚያ እግሩ ይሄዳል አለ። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው ፊት ለፊት አይነገርም፤ ለዘመድ ተነግሮ፣ ዘመድ መክሮበት፣ ለስልሶ ነው የሚደርሰው። እኔ ግን ቃል በቃል ነገርኩት። ከእንግዲህ ምንም ላለማስቀረት ከራሴ ጋር ተማምዬ ነበር።

አባቴ አንሶላውን ከእግሩ ላይ ገለጠ። "የትኞቹን አለ?"

ነካሁለት። አልተሰማውምና ተነሥቶ አየ።

"ትናንሾቹን ሁለቱን ቢወስዱልኝስ? በነሱ ምንም አልሠራባቸው። ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኩለት። ቀዶ ሐኪሙ ትከሻዬን ይዞ እንደዚያ እንደማይሆን በቀስታ ነገረኝ። አባቴ መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበና "እሽ" አለ። ከመኝታው ወዲያ በመስኮቱ የክረምት ፀሐይ አንሶላው ላይ ወድቆ ነበር። ሆቴል የማጥፋቸውን አንሶላዎች ይመስል ነበር። እግሩ ያለበትን ቦታ እያየሁ አለቀስኩ፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

ከሆስፒታል በወጣ በዐሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ጫማው ደርሷል። የቢሮዋ ሴት የምሥራች እንደምትነግር ሰው ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ሄድን። ቀኙ ልክ ሆነለት። ግራው ግን ለአምስት ጣት የተሠራ ነውና እግሩ ውስጡ ይዋልላል። ለኪው አገላብጦ አየውና ለአሁኑ እግር አዲስ ልኬት፣ ለአዲስ ልኬት አዲስ ወረቀት፣ ለአዲስ ወረቀት ሐኪም ያስፈልጋል አለ። ተረጎምኩ። አባቴ በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ እየገፋ መጥቶ ለኪውንም አሳቀው፣ እኔንም። ጫማውን ተቀብለናል ብለን ፈርመን ወጣን። ቤት እንደገባን አባቴ ግራውን ጫማ ወስዶ ከጉድጓዱ ጠርዝ አስቀመጠና ማግ የተጠቀለለባቸውን ቀሰሞች ከተተበት።

ለሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው ጋቢው ገና እኩሌታው ነበር። ቁስሉ ደርቋል። ከማጀቱ መስኮት ሆኜ አየዋለሁ፤ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ የግራውን መርገጫ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር በጨርቅ ያስራል፣ ይሞክራል፣ ይፈታል። በተረከዙ ይሞክራል፣ ይፈታል። ከኮሚቴዋ ሴትዮ ሰገነት የታጠበ ልብስ ውኃ ዘይቱኑ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ከገበያ የተሠራ ጋቢ እናስመጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚያመጡ አሉ አለች። እሱ መርገጫውን እንደገና ማሰር ያዘ። በማግሥቱ ከሥራ ስገባ ጓሮውን የሚያሳየው በር ክፍት ነበር።

"አንች" አለኝ። ከመስከረም ወዲህ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። "ጫማሽን አውልቂና ነይ።"

ሄድኩ።

"ግቢ። ተዚህ፣ በግራየ በኩል።"

ሴት ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ አይቼ አላውቅም፣ እሱም አላየም። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሠራል፣ እንዲያ ነው የምናውቀው። በዚያ ላይ የሙሽራ ጋቢ ነው። "አባባ፣ ሌላ እጅ አይገባበትም ተብሎ?" አልኩት።

"እጅ አይግባበት ነው የተባለ። እግር ማን ከለከለ?"

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ትከሻችን ተነካካ። የጉድጓዱ አፈር ከታች ቀዝቃዛ ነበር፣ የክረምት ዝናብ ይሸታል። መርገጫውን በጣቶቼ መሐል አስገባልኝ፤ ከአገር ይዞት የመጣውን ነገር የሚያስረክብ ነበር የሚመስለው። "ስልሽ ትረግጫለሽ፣ ስልሽ ትለቂያለሽ። ድሩን አትይ፣ እኔን ስሚ" አለኝ። ረገጥኩ። ድሩ አልተከፈተም። አጠንክሬ ረገጥኩ፣ አንዱ ክር ተበጠሰ። ቋጠረው። እንደገና። ለመጀመሪያ ጊዜ ድሩ ተከፍቶ መወርወሪያው ፊቴ ሥር ሲያልፍ፣ ነፋሱ እጄን ነካኝ።

በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ ብርሃን እስኪጠፋ እንሠራ ነበር። ረግጭ። ልቀቂ። ረግጭ። ሌላ አይናገርም። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ እጁ ሳይቆም፣ ድሩን እያየ ጀመረው።

"ያን ለት ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ፣ የተቆጣሁ ስላዋረድሽኝ መስሎሻል።"

"አይደለም እንዴ?"

"ረግጭ።" መወርወሪያው አለፈ። "እኔ ደህና ነኝ የምል ለነሱ አልነበረም። እነሱማ ምኔ ናቸው? የምናገረው ባንች አፍ ነው። እግሬ ሞቷል ስል መጀመሪያ የምትሰሚው አንች ነሽ፤ ሰምተሽ፣ ደግሞ መልሰሽ በራስሽ አፍ ልትይው ነው። አባት ይኸን ልጁን እንዴት ያናግራል? ልቀቂ።"

ለቀቅኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ተርጓሚ ነኝ ብዬ፣ ቃሉ ከሱ ወደ ሐኪሙ የሚሄድ መስሎኝ ኖሮ፣ ለካ እኔ ዘንድ ነበር የሚቆመው። እንባዬ ሸማው ላይ እንዳይወድቅ ቀና አልኩ። እሱ ደግሞ ሳያየኝ "ረግጭ እንጂ፣ ይመሻል" አለኝ።

ጋቢው ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አለቀ። አባቴ በቀኙ የሐኪም ጫማ፣ በግራው ጨርቅ የተጎሰጎሰበት ነጠላ ጫማ አድርጎ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። አዲሱ የግራ ጫማ የመጣው ከሠርጉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ በኔ ቦታ ጉድጓድ ገባች፤ መጀመሪያ አፍራ ክዳኑን በግማሽ እየጋረደች፣ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ እዚያው ተቀምጣ እያወራች። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ እንደዚያ ሠሩ። ለኮሚቴዋ ሴትዮ እንኳ ለሰንበት የሚሆን የጠረጴዛ ልብስ ሠርተውላታል። አሁን ጉድጓዱ ተሞልቷል፣ ዘይቱኑ ግን አለ። የቤቱን ዕቃ ስንከፋፈል ወንድሞቼ መወርወሪያዋን ወሰዱ። እኔ ጫማውን ወሰድኩ። አባቴን ከነአምስት ጣቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ጋቢው አልጋዬ ላይ ነው። ከአንደኛው ጫፍ ስጀምር ለስላሳ ነው፣ አባቴ ከነጤናው። ትንሽ ወረድ ሲል እዚህም እዚያም ሻካራ፣ ሳይፈታ የተረፈው ጥፋት። ከዚያ በኋላ የኔ እግር ነው፣ አንዴ ጠብቆ አንዴ ላልቶ፣ ሲማር ይታወቃል።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ የሄድኩት ለራሴ ነው። ስኳር አለብሽ ተብያለሁ። ልጄ ካልሄድኩ ብላ አብራኝ ሄዳ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማስተርጎም አያስፈልገኝም፤ ቢሆንም የምናገረውን ሁሉ ትሰማለች። ሐኪሟ ጫማዬን አስወለቀችኝ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ። "ይሰማሻል?" ስትል ገና ምንም ሳይነካኝ "ኬን" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ደህና ነኝ ልል። ከልጄ በኩል ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ምላሴን ያዝኩ። ጠበቅኩ። ሐኪሟ ከተረከዜ ጀምራ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ግራው አውራ ጣቴና ወደ ሁለተኛው መሐል። ቀጭን ነገር ወጋኝ።

"ይሰማኛል" አልኩ። እውነቴን ነበር።